«ኩላሊቴን» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጉሊቱና በየግቢው እጇን ከወገቧ ላይ ጭና «ወይ ኩላሊቴ!» የማትል እናት ጥቂት ናት። ልጅ አዝላ የዋለችውም፣ እንጀራ ስትጋግር የዋለችውም፣ በስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ የዋለችውም ድካሟን የምታሳብበው በኩላሊቷ ነው። ቀጥሎም «ብርድ ነው» ይባልና ነገሩ በዚያው ይቀራል።

ይህ «ብርድ ነው» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያዘናጋ በቅርብ አይቻለሁ። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ጎረቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ቀኝ ጎኗን ይዟት ሦስት ቀን ሰነበተች። አንዷ ተልባ፣ ሌላዋ የሞቀ ጨርቅ፣ ሦስተኛዋ ከልጇ የተረፈ ክኒን ይዘው መጡ። ማታ ሲያንቀጠቅጣትና ሲያስመልሳት ግን ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሽንቷ ሲመረመር ኢንፌክሽኑ ከፊኛ ወደ ኩላሊት መውጣቱ ታወቀና በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ተላከች። ሐኪሙ እንደነገሩን፣ ቢዘገይ ኖሮ ምጥ ያለጊዜው ሊመጣ ይችል ነበር። ደግነቱ ድና በወሯ በሰላም ተገላገለች።

ታዲያ ልዩነቱን እንዴት እንወቅ? ኩላሊቶቻችን የሚገኙት ከወገብ ከፍ ብሎ፣ ከመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች ሥር፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ነው። ከሥራ ብዛት የሚመጣ የጡንቻ ሕመም ሲያጎነብሱና ሲነሡ ይብሳል፤ ጋደም ሲሉ ይቀላል። የኩላሊት ሕመም ግን ባመዛኙ በአንድ ጎን ሆኖ፣ ቢተኙም ቢገላበጡም አይለቅም። ጠጠር ከሆነ እየመጣ እየሄደ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ ሽንትም ደም ሊቀላቅል ይችላል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ማስመለስ ከታከለበት ወይም ሽንት ከተከለከለ፣ ለነገ የሚባል አይደለም፤ በተለይ ለነፍሰ ጡርና የስኳር ሕመም ላለባት።

ማስታገሻም በዘፈቀደ አይዋጥም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሥቃዩን ቢያበርዱም የታመመን ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ፤ ነፍሰ ጡርም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ልትወስዳቸው አይገባም። የታዘዘ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም «ተሻለኝ» ተብሎ ከመሃል አይቋረጥም።

ጎረቤቴ ከዳነች በኋላ «በሥራ ሰዓት ውኃ ትጠጫለሽ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ከጠጣሁ ሽንት ቤት መመላለስ ይመጣል፤ ከመሥመሩ አንዷ ስትነሣ ሥራው ይቆማል፤ አለቃው ይቆጣል» አለችኝ። የሴት የሽንት ቧንቧ አጭር ስለሆነ ጀርም ፊኛ ለመድረስ ሩቅ አይሄድም። ውኃ በበቂ መጠጣትና ሽንትን አለመቋጠር ግን ጀርሙን ጠርጎ ለማውጣት ይረዳል። ሐኪም ፈሳሽ እንድትቀንስ ያላዘዛት ሴት በቀን ወደ 2 ሊትር ብትጠጣ መልካም ነው።

እንግዲህ ከምሳ ዕቃችን ጋር የውኃ ኮዳችንን እንያዝ። አሠሪዎችም ይህን ይወቁት፤ ንጹሕ ሽንት ቤትና አምስት ደቂቃ ዕረፍት ለሠራተኛዋ የሚሰጥ ችሮታ ሳይሆን የጤናዋ ጉዳይ ነው።