የታጠቅ ጌታ የጋለበበት ምድር

ደልጊን ማየት የፈለገ ሰው ከውሃው በኩል ይምጣ። መርከቧ ባሕር ዳርን ለቃ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትገፋ፣ የዘጌ ጥቅጥቅ ደን እየራቀ ይሄድና ጥቁር አፈር የለበሰ ገላጣ ሜዳ ይተካል። ደንገሉ ዳር ዳሩን ቆሟል። ታንኳው ላይ ቁጢጥ ያለ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይስባል። ባሕር ዳር ላይ ሆነን ጣናን የምናየው ወደ ሰሜን ነው፤ ደልጊ ግን በምዕራብ ዳርቻ ስላለች ፀሐይ የምትወጣላት ከሐይቁ ውስጥ ነው። ያን ንጋት ካየሁ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀርቷል።

የሄድኩት ለጥምቀት ነበር። ታቦታቱን የሚያጅበው ሕዝብ እልልታውን ሲያቀልጠው፣ ፈረሰኞች ከሰዉ ወጣ ብለው ጉግስ ጀመሩ። አንዱ ሸሽቶ ይጋልባል፣ ሌላው ዘንጉን ይዞ ያባርረዋል። ዘንጉ ሲወረወር ሸሺው ወይ በጋሻው ይመክታል፣ ወይ በፈረሱ ጎን ተንጠልጥሎ ያሳልፈዋል። ጉግስ ከጨዋታነቱ በፊት የጦር ትምህርት ቤት ነበር። የጥንቱ ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ስለሚጋልብ የእርካቡን ቀለበት የሚይዘው በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣቱ መካከል ነበር፤ በዚያች ቀጭን መቆንጠጫ ላይ ቆሞ ጦር ይወረውራል፣ ዞሮም ይመክታል። ይህን እያሰብኩ ስመለከት አቧራው ውስጥ ያሉት ወጣቶች በዓይኔ ገዘፉ።

አጠገቤ ጋቢያቸውን ደርበው የቆሙ አዛውንት ነበሩ። “አባቴ፣ ይህን ግልቢያ ከማን ተማሩት?” አልኳቸው።

“ልጄ፣ ይህ እኮ ጣቁሳ ነው” አሉኝ፤ “የቋራው ካሳ የጋለበበት ምድር ነው።”

ሌላ አልጨመሩም። ለእኔ ግን በቂ ነበር፤ ከታሪክ መጻሕፍት የማውቀው ጣቁሳ ለካ የቆምኩበት መሬት ነው! ደልጊ የጣቁሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳውን ቋራ በስተ ምዕራብ፣ ደምቢያ በስተ ምሥራቅ ያዋስኑታል። የካሳ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የወጣትነት ዘመን ያለፈው በዚሁ አካባቢ ነው፤ የተማረበት የማኅበረ ሥላሴ ገዳምም ሆነ ሽፍታ ሆኖ የኖረበት ቆላ ከዚህ ሩቅ አይደሉም።

ስለ ካሳ ፈረሰኛነት ሳስብ መጀመሪያ የሚታየኝ ሽንፈቱ ነው። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ምሽግ ይዞ በመድፍ ከሚጠብቅ የግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። የወታደሩ ጀግንነት ለመድፍ መልስ አልሆነም፤ ብዙ ሰው አለቀበት። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሽንፈት በዕድል ያሳብብ ነበር። ለካሳ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓት ያለው ጦርና መድፍ የሕይወቱ ምኞት ሆኑ። ፈረሱን ግን አልተወም።

አራት ዓመት አለፈ። የበላይ ገዥው ራስ አሊ የካሳን ግዛት ለጎጃሙ ገዥ ለደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ሰጥተው ዘመቻ አዘዙበት። ኅዳር 19 ቀን 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ተገናኙ። ከውጊያው በፊት የጎሹ አዝማሪ ካሳን በግጥም እንዳንቋሸሸው እስከ ዛሬ ይነገራል። ቀኑ ሲመሽ ጎሹ ሞተው ነበር። ከዚያ ራስ አሊና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ያሰለፉት ሠራዊት መጣ። ሚያዝያ 5 ቀን 1845 ዓ.ም. እዚሁ ጣቁሳ ምድር፣ ጎርጎራ ብቺኝ በተባለው ስፍራ ካሳ ድል አደረገው። ሰኔ ላይ አይሻል በተባለው ስፍራ ራስ አሊን ራሳቸውን አሸነፈ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ ውቤ ተሸነፉና ካሳ ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ከጉር አምባ እስከ ዘውዱ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር እንኳ አይሞላም። የዘመነ መሳፍንት ፍጻሜ የተጀመረው በዚህ የጣና ጥግ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የታሪክ አስተማሪዎቻችን አይሻልን ሲያደምቁ ጣቁሳን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፋቸው ያሳዝነኛል።

ቴዎድሮስን ወታደሮቹ ይጠሩት የነበረው በፈረሱ ስም ነው፤ አባ ታጠቅ። በአገራችን ለጦረኛ ከዚህ የበለጠ ሐውልት አልነበረም። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ፣ ባልቻን አባ ነፍሶ ያሰኘው ይኸው ልማድ ነው። ፈረሱ ይሞታል፣ ጌታውም ይሞታል፤ የሁለቱ አንድነት ግን በፉከራው ውስጥ ይኖራል።

የቴዎድሮስን የመጨረሻ ቀን ሊወጉት የመጡት እንግሊዞች ራሳቸው ጽፈውታል። መቅደላ ሥር፣ እስላምጌ በተባለው ሜዳ ላይ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ ተከትለውት ፈረሱን በጠላት ፊት ወዲያና ወዲህ እየጋለበ ‘አንድ ለአንድ የሚገጥመኝ ይምጣ’ አለ። የሚገጥመው አልወጣም፤ የመለሰለት ተኩስ ነው። ያን ግልቢያ ሳነብ ዓይኔ እንባ ያቀርራል፤ ልጅ ሆኖ የተማረው ጉግስ፣ መድፍና ዘመናዊ ጠመንጃ ይዞ በመጣ ጦር ፊት። ከዚያ በሩን ዘግቶ ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችለት ሽጉጥ ራሱን ሰዋ። ሥዕሎቻችን የሚያሳዩን ሽጉጡን ነው፤ አዲስ አበባ በስሙ በተጠራው አደባባይ ላይ ያቆምንለትም የመድፉን የሴባስቶፖልን ምስል ነው። እኔ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ቢሣል እወዳለሁ።

ከደልጊ ስመለስ ጉዞዬን ወደ ደቡብ አራዘምኩ፤ ጥር 23 እንጅባራ ደረስኩ። በዚያ ቀን፣ በጊዮርጊስ ክብረ በዓል፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል። በ1932 ዓ.ም. ጣሊያን ገና አገሪቱን ሳይለቅ የተመሠረተው ይህ ማኅበር አድዋ የዘመቱ ፈረሶችንና ፈረሰኞችን ሲዘክር ኖሯል። በኮርቻና በግላስ አጊጦ፣ ሺህ በሺህ ፈረስ መሬቱን ሲያንቀጠቅጥ፣ የሞተ ዘማች እንዴት መታሰብ እንዳለበት ገባኝ፤ የልጅ ልጁ ኮርቻ ላይ ወጥቶ ይጋልብለታል። የአዊ አገዎች ይህን ጠብቀው ስላቆዩልን ምስጋና ይገባቸዋል። ጣቁሳም እንዲህ ያለ ቀን ይገባታል፤ ሜዳው አለ፣ ፈረሰኛው አለ፣ ቀኑም የታወቀ ነው።

ቴዎድሮስ የሞተው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። የጣቁሳ ድል ሚያዝያ 5 ነበር፤ በመካከላቸው አሥራ አምስት ዓመት ከአንድ ቀን አለ። አንባቢ ሆይ፣ በየዓመቱ ሚያዝያ 6 መቅደላን ስታስብ፣ በዋዜማው ደግሞ ጣቁሳን አስብ። ከቻልክም በጣና ላይ አድርገህ ደልጊ ውረድ።