የማይበላ ጎመን

ሆስታ በቅጠሉ የሚወደድ ተክል ነው። አበባው በሐምሌ አካባቢ ቀጭን ዘንግ ላይ ደብዘዝ ያለ ሐምራዊ ሆኖ ይታይና ብዙ ሳያስደንቅ ይረግፋል። የጽጌረዳን ቅጠል ትል ቢበሳው አበባዋ ይሸፍንላታል፤ ሆስታ ግን ያለው ይኸው ቅጠሉ ብቻ ነውና በግንቦት የቆሰለ ቁስሉን እንደያዘ እስከ ጥቅምት ይከርማል። የሚያቆስሉት ደግሞ ሌሊት የሚመጡ ናቸው።

ለንደን ያለው ጓሮዬ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፤ ፀሐይ ከግንቡ በላይ ታልፋለች እንጂ አትወርድበትም። ጎረቤቴ የነበሩት አዛውንት ቤታቸውን ሸጠው ሲሄዱ የሆስታቸውን ሥር በአካፋ ለሁለት ከፍለው እኩሌታውን በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ። ቅጠሉ ሰማያዊ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ወፍራም ነው፤ በእጅ ሲዳሰስ ቆዳ ቆዳ ይላል። የዘሩ ሀገር ጃፓን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1823 ናጋሳኪ የደረሰው ጀርመናዊው ሐኪም ዚቦልት ወደ አውሮፓ ካሻገራቸው ዕፅዋት መካከል ሆስታዎች ይገኙበታል። አዛውንቱ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ስለዚህ ቅጠሉን ስጠብቅ ተክል ብቻ አልነበረም የምጠብቀው።

ቀንድ አውጣ! ስሙ ሲጠራ ትእዛዝ ይመስላል፤ እርሱም ታዛዥ ነው፣ ዝናብ ሲያባራ ቀንዱን ያወጣል። ቀንድ ያልነው ግን ዓይኑን ነው፤ ከላይ ያሉት ሁለቱ ረጃጅሞች ጫፋቸው ላይ ዓይን ተሸክመዋል። ዛጎሉን የጣለውን ወንድሙን እኔ “ዕርቃኑ” እለዋለሁ። ምላሳቸው በሺህ የሚቆጠሩ ደቃቅ ጥርሶች የተሰደሩበት ሞረድ ስለሆነ ቅጠሉን ፍቀው ነው የሚበሉት። ጠዋት የሚቀረን ቀዳዳውና እንደ ብር የሚያበራው የልጋጋቸው መንገድ ነው።

መድኃኒቱ ብዙ ነው፤ መድኃኒት የሚበዛው ደግሞ የሚፈውስ ሲጠፋ ነው። የእንቁላል ቅርፊት፣ የመዳብ ጥብጣብ፣ ጠጠር፣ የጥድ ቅርፊት፣ የበግ ሱፍ ይመከራል። ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ የተባለው የእንግሊዝ የአትክልት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 እነዚህኑ በሰላጣ ላይ ፈትኖ፣ አጥር የተደረገለትም ያልተደረገለትም እኩል መበላቱን አስታወቀ። ቢራ በሳህን አድርጎ መሬት ውስጥ መቅበር ጥቂቶቹን ያሰጥማል። ጨው በላያቸው ቢነሰነስ ይገድላቸዋል፤ አፈሩንም አብሮ ይገድላል። ሰማያዊው ፍሬ መርዝ፣ ሜታልዴሃይድ፣ ከሁሉም የበረታ ነበር፤ ሆኖም ወፉንና ጃርቱን ስለሚጎዳ በታላቋ ብሪታንያ ከቤት ውጭ መጠቀሙ እ.ኤ.አ. ከ2022 የጸደይ ወራት ጀምሮ ተከልክሏል። ዛሬ በምትኩ የብረት ፎስፌት አለ፤ በውኃ በጥብጠው የሚያጠጧቸው፣ በዓይን የማይታዩ ትሎችም አሉ፤ አፈሩ ከ5 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ዕርቃኑን ከውስጥ ይጨርሱታል። እኔ አልገዛኋቸውም። ከውስጥ የሚጨርስ ነገር ደስ አይለኝም።

የመረጥሁት የእጅ ባትሪና ባልዲ ነው። ውኃ የማጠጣው ማታ ሳይሆን ጠዋት ሲሆን፣ በዝናብ ሌሊት ወጥቼ አንድ በአንድ እለቅማቸዋለሁ። ነብርማውን ዕርቃን ግን አልነካውም፤ እርሱ የሚበላው በአብዛኛው የበሰበሰውን ነው፣ ሲያገኝ ደግሞ የራሱን ወገን። በዚህ ሀገር ካሉት 44 የዕርቃን ዝርያዎች የአትክልተኛ ጠላት የሚባሉት 9 ብቻ ናቸው። የለቀምኋቸውን ከሰፈሩ ጀርባ ወዳለው ቁጥቋጦ እወስዳለሁ፤ ቀንድ አውጣ ቤቱን ያውቃል፣ ከ20 ሜትር ወዲህ ከጣሉት ተመልሶ ይመጣል።

እናቴ ከደብረ ማርቆስ በመጣችበት ክረምት ከነባልዲዬ አገኘችኝ።

“ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ጎመን ነው?”

“ጎመን አይደለም እማዬ፤ አይበላም።”

ቅጠሉን ገልብጣ ቀዳዳዎቹን አየች። “የሚበሉትማ እነዚህ ናቸው። ታዲያ የማን ነው ትላለህ?”

መልስ አልነበረኝም፤ መልቀሜንም አልተውሁም። በማግሥቱ ሌሊት ጋቢዋን ደርባ ባትሪውን የያዘችልኝ እርሷ ነበረች። እኔ ያላየሁትን ከቅጠሉ ሥር እያሳየችኝ፣ “እዚህም አለልህ፣ ምስኪን” ትል ነበር። ምስኪኑ ማን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።

እርሷ ከሄደች በኋላ ነው ጃፓኖች የሆስታን ቡቃያ በጸደይ እየቆረጡ እንደሚመገቡትና “ኡሩይ” እንደሚሉት ያነበብሁት። ባለፈው ሚያዝያ ቡቃያው እንደ ጦር ጫፍ ተጠቅልሎ ሲወጣ ሁለቱን ቆርጬ ቀቀልሁ። ለስላሳ ነው፤ ጥቂት ልጋግ አለው፤ ከሰላጣ ይልቅ ለጎመን ይቀርባል።

ለእናቴ ደውዬ ነገርኋት።

“ጨው ጨመርህበት?” አለችኝ።