ቤንዚን ውስጥ ያለው እርሳስ



ባለፈው ቅዳሜ የደረጃ ሁለት ልጆች እቤት ሄደው "አውሮፕላን በእርሳስ ነው የሚሄደው" ብለው እንዳወሩ ከሦስት ወላጆች ሰምቻለሁ። አንዷ እናት እንደውም ማታ ደውላ "ወንድሜ፣ ልጄን ምን ብለህ ነው ያስተማርከው?" አለችኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። በስልክ ሊያልቅ ስላልቻለ "እጽፈዋለሁ" ብያት ነበር፤ ይኸው።

የሳምንቱ ርዕሳችን "ሥራ" ነበር። ልጆቹ የእናትና የአባታቸውን ሥራ በአማርኛ ተናገሩ፤ ነርስ፣ ሹፌር፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ምግብ ቤት ያላቸውም ነበሩ። የኔ ተራ ሲደርስ ከቦርሳዬ አንድ አዲስ ካንዴላ አወጣሁ። አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ ትንሽ ኤርፖርት የአውሮፕላን መካኒክ ነኝ። እነዚያ ሁለት ወይም አራት ሰው የሚይዙት፣ አፍንጫቸው ላይ አንድ ፕሮፔለር ያላቸው፣ ተማሪዎች መብረር የሚለማመዱባቸው አውሮፕላኖች አሉ አይደል? እነሱን ነው የምጠግነው።

ካንዴላው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንዱ ልጅ "ጋሼ፣ የተሠራበትን ለምን አላመጣህም?" አለኝ። "እሱ ላይ እርሳስ ስላለ" አልኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዲት ልጅ የያዘችውን ከፍ አድርጋ "ይሄ? ፔንስል?" ስትል ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

ልክ ናት እኮ። አማርኛችን ለመጻፊያውም ለብረቱም አንድ ቃል ነው ያለው። የሚገርመው ደግሞ መጻፊያው ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት የለም፤ ውስጡ ግራፋይት ነው። ብረቱ ያለው እኔ ጋ፣ ቤንዚኑ ውስጥ ነው። ይሄን ለልጆቹ ሳስረዳ ሰዓቱ አለቀ፤ እነሱም ግማሹን ይዘው ወደ እናንተ መጡ።

ግማሹ የቀረው ይሄ ነው። የትንንሽ አውሮፕላኖች ቤንዚን "መቶ ኤልኤል" ይባላል። ከሌላ ነዳጅ እንዳይምታታ ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበታል። ኤልኤል ማለት "እርሳሱ ያነሰ" ማለት ነው። ያነሰው ከድሮው ሲነጻጸር እንጂ አሁንም በአንድ ጋሎን ውስጥ እስከ 2 ግራም ገደማ እርሳስ አለው። ከመኪና ቤንዚን ግን እርሳስ ወጥቷል፤ አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ጀምሮ ለመንገድ መኪና መሸጥ ተከልክሏል፣ በዓለም ላይ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያም በ2021 አቁማለች። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱበት ትልቁ ጄት ደግሞ ነጭ ጋዝ የሚመስል ነዳጅ ነው የሚያቃጥለው፤ እርሳስ የለበትም። ስለዚህ ለልጆቹ "ሁሉም አውሮፕላን አይደለም" በሉልኝ።

ለምን ይጨመራል? ቤንዚንና አየር ሲሊንደሩ ውስጥ ሲታመቁ ካንዴላው ከለኮሳቸው በኋላ በሥርዓት መንደድ ሲገባቸው አንዳንዴ በራሳቸው ይፈነዳሉ። በመኪና ቋንቋ "ሞተሩ ያንኳኳል" የምንለው ነው። የዛሬ መኪና ማንኳኳቱን የሚሰማ መሣሪያ አለው፤ ኮምፒውተሩ ወዲያው ያስተካክላል። የምጠግናቸው አውሮፕላኖች አብዛኞቹ ይሄ የላቸውም። ማንኳኳቱ ከቀጠለ ፒስተኑ ሊበሳ ይችላል፣ እዚያ ላይ ደግሞ ዳር ይዞ መቆም የለም። እርሳሱ ያንን ነው የሚከላከለው። ከተቃጠለ በኋላ ጥቂቱ ትንሽ ግራጫ ፍሬ ሆኖ ካንዴላው ላይ ይቀራል፤ እኔ በመርፌ እየነቀልኩ አወጣዋለሁ። አብዛኛው በጭስ ማውጫው ወጥቶ ታች ያለው ሰፈር ላይ ይወርዳል።

ከሁሉ የሚበዛብኝ ሴስና 172 ነው። ገበያ የወጣው በ1956 ሲሆን ከ44,000 በላይ ተሠርቷል፣ ዛሬም ይሠራል። አዲሱን ልግዛ ብትሉ ከ400,000 ዶላር በላይ ያስወጣችኋል። ያን ሁሉ ከፍላችሁም አየርና ቤንዚን የምታመጣጥኑት ራሳችሁ ናችሁ፣ በቀይ እጀታ፣ በእጅ! የናንተ ኮሮላ ይሄንን ማንንም ሳያስቸግር በሰከንድ ስንት ጊዜ ይሠራዋል። በጋ ላይ ሞተሩ ሞቆ ከቆመ ደግሞ ለማስነሳት ልመና ነው፤ አብራሪዎቹ እያላባቸው ሲታገሉ አያለሁ።

ባለፈው ዓመት ስለ "ፀሐይ" ከልጆቹ ጋር አንብበን ነበር፤ በ1935 አዲስ አበባ ውስጥ ስለተሠራችው፣ ጣሊያን ወስዷት በጥር 2024 ወደ አገሯ ስለተመለሰችው አውሮፕላን። ያኔ ፎቶዋን እያየሁ ያሰብኩት ነገር ለልጆቹ የሚነገር አልነበረም። የሷ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ የፒስተን ሞተር ነው። ያኔ እሷን የጠገነ መካኒክ ዛሬ እኔ ጋራዥ ቢገባ፣ ሬዲዮውና ስክሪኑ ያስደነግጠው ይሆናል እንጂ ሞተሩን ሲከፍተው ብዙም አይደናገርም። ሲሊንደሩም፣ ማግኔቶውም፣ ካንዴላውም የሚያውቀው ነው። 90 ዓመት ገደማ እኮ ነው!

ማግኔቶውን እንኳ አላማም። ባትሪው ቢሞት፣ መብራቱ ሁሉ ቢጠፋ፣ ሞተሩ የራሱን እሳት እየፈጠረ ይሄዳል። አሮጌ ነገር የሚቆይበት ምክንያት አለው። ለሚበር ነገር አዲስ ክፍል ማስፈቀድ ዓመታት ይፈጃል፣ ገንዘብ ይበላል፤ ገበያው ትንሽ ስለሆነ ወጪው አይመለስም። እኔም መዝገቡ ላይ ስሜን ፈርሜ ሰው ስለማስነሳበት ጥንቃቄውን አልጠላውም። የሚያናድደኝ ጥንቃቄው አብራሪውን ብቻ የሚቆጥር መሆኑ ነው፤ ከታች ያለችውን ሕፃን የቆጠራት የለም።

ቆየት ብሎም ቢሆን መቆጠር ጀምራለች። ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት ሳን ሆዜ ያለበት የሳንታ ክላራ ካውንቲ ከጥር 2022 ጀምሮ በሁለት ኤርፖርቶቹ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን መሸጥ አቆመ። በጥቅምት 2023 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከነዚህ አውሮፕላኖች የሚወጣው እርሳስ የሕዝብን ጤና አደጋ ላይ ለሚጥል የአየር ብክለት ምክንያት መሆኑን ወሰነ። በ2030 መጨረሻ ከአገሪቱ እናስወጣዋለን የሚል ዕቅድም አለ። እርሳስ የሌለው መቶ ኦክቴን ቤንዚን በ2022 ፈቃድ አግኝቷል፤ ግን በአውሮፕላን ቀለምና ማሸጊያ ላይ ጉዳት ያደርሳል አያደርስም የሚል ክርክር ስላለ በየቦታው አልደረሰም።

እኛ ጋ ያለው ችግር ከዚህ ሁሉ ይቀላል፤ ታንከሩ አንድ ነው። ከምጠግናቸው አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ወረቀታቸው ቢስተካከል ያለ እርሳስ መብረር የሚችሉ ናቸው። እርሳሱ የግድ የሚያስፈልጋቸው ጉልበታሞቹ ናቸው። ታንከሩ አንድ ከሆነ ግን ለጉልበታሞቹ የተገዛውን ሁሉም ይጠጣል። ሁለተኛ ታንከር ይገዛ ብዬ ለአለቃዬ ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዋጋውን ነገረኝ።

ስለዚህ ምኞትህ ምንድን ነው ብትሉኝ ሰማይ የሚያህል አይደለም። አውሮፓ ውስጥ በ2020 ፈቃድ ያገኘ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባለ ሁለት ወንበር አለ፤ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም። የጄት ነዳጅ የሚያቃጥሉ፣ እንደ ናፍጣ ሞተር የሚሠሩ፣ በአንድ እጀታ የሚታዘዙም አሉ፤ እነሱ ቢረክሱ ደስ ይለኛል። እስከዚያ ግን ሁለተኛ ታንከር ይበቃኛል።

አሁን ለዚያች እናት በስልክ ያልነገርኳት። ልጄ አንድ ዓመቷ ላይ በተለመደው ምርመራ የደሟ እርሳስ 4.2 ሆኖ ተገኘ። እዚህ አገር ሐኪሞች መከታተል የሚጀምሩበት መስመር 3.5 ነው። ነርሷ ጥያቄ ጀመረች፤ ቤቱ አሮጌ ነው ወይ? ኩል ትቀባላችሁ ወይ? ከአገር ቤት የመጣ የሸክላ ዕቃ አለ ወይ? (ኩል ያልኩትን አትለፉት፤ እርሳስ ያለበት ኩል ብዙ ነው፤ ሕፃን ዓይን ላይ አይደረግ።) ሁሉንም "የለም" ስንላት "የአባቷ ሥራ ምንድን ነው?" አለች። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ፤ ቃል ግን አልተናገረችም።

ሁልጊዜ በቱታዬ እቤት እገባ ነበር። ልጅቷ እየዳኸች መጥታ እግሬን ትይዛለች፣ እኔም እጄን ሳልታጠብ አነሳታለሁ። ከሥራ የመጣ አባት ምን ያደርጋል ሌላ? ከኔ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቱታዬ ሥራ ቦታ ይቀራል፣ ጫማዬ መኪናው ውስጥ ሳጥን አለው፣ መጀመሪያ መታጠቢያ ቤት፣ ከዚያ ልጄ። እሷ ገና በር ላይ ስታየኝ ስለምታለቅስ ሩጫ ነው የምታጠበው። ከስድስት ወር በኋላ 2.1 ሆነ።

ከእናንተ መሐል ጋራዥ፣ ቀለም ቅብ፣ የድሮ ቤት እድሳት፣ የተኩስ ልምምድ ቦታ ወይም ባትሪ ላይ የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የልጆቻችሁ ሐኪም ሳይጠይቃችሁ ቀድማችሁ ሥራችሁን ንገሩት፤ ምርመራው ትንሽ ደም ብቻ ነው የሚወስደው።

የደወለችው እናት ልጅ ፓይለት መሆን ይፈልጋል። "ይሄን ሁሉ ሰምቼ ልከልክለው?" ብላ ጠይቃኛለች። አትከልክዪው። የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ፣ መምጣት የሚፈልጉ ልጆችን ሴስናውን ላሳያቸው ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ሞተሩን አይነኩም፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ መሪውን ይይዛሉ። ከመውጣታቸው በፊት ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ መክሰስ ከዚያ በኋላ ነው። ስማቸውን እስከ ዓርብ ላኩልኝ።