ሞተሩን የገዛሁት ለማን ነበር?

ባለቤታችሁ አንድ ማታ፣ እራት ቀርቦ ሳለ፣ «ሞተር መንዳት ልማር ነው» ብትላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? እኔ በጣም ተደሰትኩ። ጉርሻዬን ሳልውጥ ነው «የቱን እንግዛ?» ያልኳት። ጥፋቴም የጀመረው ያኔ ነው፤ «ምን ዓይነት ትፈልጊያለሽ?» ማለት ነበረብኝ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ። የምንኖረው አሰላ ነው። እኔ በአንድ የምግብ ማምረቻ ድርጅት የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ባለቤቴ የሰብል ባለሙያ ናት፤ ሥራዋ ስንዴና ገብስ ከሚያመርቱ ገበሬዎች ጋር ነው። በመሥሪያ ቤቷ የአስተባባሪነት ቦታ ሲከፈት የማስታወቂያው መጨረሻ ላይ ያቺ ሁላችሁም የምታውቋት መስመር ነበረች፦ «የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ያለው/ያላት።» በትምህርትም በልምድም ከማንም አታንስም ነበር። ቦታውን ያገኘው ግን ከእሷ ሁለት ዓመት ዘግይቶ የተቀጠረ፣ ሞተር የሚነዳ ልጅ ነው። በዚያ ማታ «አስፋልቱ በሚያልቅበት ቦታ የእኔም ሥራ ማለቅ የለበትም» አለችኝ።

አማቴ ሲሰሙ «የአራት ዓመት ልጅ ያላት ሴት በሞተር! አንተ ልጄ፣ ልትገድልብኝ ነው?» ብለው ለአንድ ሳምንት ስልኬን አላነሱም። እኔ ግን ራሴን እንደ አዋቂ ቆጥሬ ነበር። ሐዋሳ ሳድግ የአጎቴን ሞተር እየነዳሁ ነው ያደግኩት። ላስደንቃት ብዬ ለብቻዬ ከደላላ ጋር ዞሬ አንድ ያገለገለ ያማሃ ኤክስ ቲ ዜድ 125 ይዤ መጣሁ። ጎማው ባለ ጥርስ፣ የፊት ጭቃ መከላከያው ከፍ ያለ፣ ለጥርጊያ መንገድና ለኮረኮንች የተሠራ፣ ሲያዩት የሚያምር ሞተር ነው። ግቢ ውስጥ አቁሜ ሪባን ሁሉ አሰርኩበት።

የዚህ ሞተር መቀመጫ ከመሬት 84 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ለእኔ ቁመት ልክ ነው። ባለቤቴ 1 ሜትር ከ58 ናት። ስትቀመጥበት በግራ በኩል የጫማዋ ጫፍ ብቻ መሬት ነካ፤ በቀኝ በኩል ምንም አልነካም። ቀና ብላ አየችኝ። «ስትለምጂው ይስተካከላል» አልኳት። ዛሬ ያቺን ንግግር ሳስታውስ አፍራለሁ። እግር በልምምድ አይረዝምም።

በሦስተኛው እሑድ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚወስድ የገጠር መንገድ ላይ ወጣን። እሷ ስትነዳ እኔ ከኋላ በእግሬ እከተላለሁ፤ ፍጥነቷን ከዚህ ገምቱ። ከብቶች መንገድ ሲያቋርጡ ፍሬን ይዛ በሥርዓት ቆመች። ሞተሩ ወደ ቀኝ ዘንበል ሲል እግሯን አወረደች፤ ከታች የጠበቃት ግን መሬት ሳይሆን የጎርፍ ቦይ ነበር። ከመቶ ኪሎ በላይ የሆነ ብረት ተኛባት። ማርሚታው ባቷን ለበለባት፤ ቁርጭምጭሚቷንም ወለም አላት። ራጅ ተነስታ ስብራት የለም ቢባልም ሁለት ሳምንት አነከሰች።

የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሞተሩን በሸራ ሸፍና «ለእኔ አይሆንም» አለች። እኔም «ሁሉም ሰው ይወድቃል፣ ፈሪ አትሁኚ» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ይህን ሞተር ለራስህ ነው የገዛኸው፤ እኔ ሰበብ ሆንኩህ» አለችኝ። ተናደድኩ። ሁለት ቀን ሳንነጋገር አደርን። በሦስተኛው ቀን ቢሮ ውስጥ ለአዲስ የሽያጭ ሠራተኞች ሥልጠና እየሰጠሁ «ዕቃውን ከማቅረባችሁ በፊት የሚጠቀምበት ማን እንደሆነ ጠይቁ» ስል ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ባለቤቴን ምን ጠይቄያት አውቃለሁ? ምን ያህል ዕቃ ትጭኛለሽ? በምን ዓይነት መንገድ ነው የምትሄጂው? ብቻሽን ብትወድቂ ማን ያነሳልሻል? አንዱንም አላልኳትም። ቤት ገብቼ ይቅርታ ጠየቅኳት።

በዚያው ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ልትጠይቃት መጣች። ለዓመታት በየቀበሌው በሞተር የዞረች ሴት ናት። ሸራውን ገለጥ አድርጋ አየችና «ወንድሜ፣ ይህን ማን ነው የመረጠው?» አለች። መልሱን ከፊቴ አነበበችው። ከእሷ የተማርኩትን፣ ለባላችሁም ይሁን ለሚስታችሁ የመጀመሪያ ሞተር ለምትፈልጉ ሁሉ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ፣ የሚነዳው ሰው ለሥራ የሚያደርገውን ጫማ አድርጎ ይቀመጥበት። የሁለቱም እግሮች ፊተኛ ግማሽ መሬት ላይ በደንብ ማረፍ አለበት፤ ተረከዝም ቢያርፍ የተሻለ ነው። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ሲበር ሳይሆን ሲቆምና ሲዞር ነው።

ሁለተኛ፣ ሞተሩን ለስላሳ ሣር ላይ አስተኝታችሁ ብቻውን ያንሳው። ዘዴ አለው፦ ሞተሩን ማጥፋት፣ ማርሽ ውስጥ ማስገባት፣ ጀርባን ለመቀመጫው ሰጥቶ ቁጢጥ ማለት፣ ከዚያ በወገብ ሳይሆን በእግር እየገፉ መነሳት። በዚህ ዘዴ ካልተነሳ ያ ሞተር ለገጠር ብቸኛ መንገድ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ጣቶቹ ፍሪሲዮንና ፍሬን ላይ ሳይንጠራሩ ይድረሱ። ጭቃ ውስጥ ፍሪሲዮን ቀኑን ሙሉ ነው የሚሠራው።

የጉልበት ነገርም አለ። እኔ «ትልቅ ከገዛን በኋላ መቀየር አያስፈልገንም» ባይ ነበርኩ። ነገር ግን ኮረኮንች ላይ ሰውነት ሲነጥር እጅ ሳያስበው ነዳጅ ይሰጣል። አነስተኛ ሞተር ይህን ስሕተት በትንሹ ይቅር ይላል፤ ኃይለኛው ወደ ፊት ተስፈንጥሮ ይወጣል። ለጀማሪ ከ100 እስከ 125 ሲሲ ይበቃል።

በሁለተኛው ዙር ሦስታችን ሄድን። ባለቤቴ አምስት ሞተሮች ላይ ተቀመጠች፤ እኔ አፌን ዘግቼ ቆምኩ። የመረጠችው ያገለገለ ያማሃ ኤጂ 100 ነው። እኔ ብሆን ዞር ብዬም አላየውም ነበር። መልኩ አያምርም፣ ግን ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ ነው። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው፤ በሁለቱም ጎን ማቆሚያ ስላለው ተዳፋት ላይ በሚመች ጎን ይቆማል፤ መሪውና እግር ማሳረፊያው አጠገብ ሲወድቅ የሚከላከሉ ብረቶች አሉት። ቁመቱ ጥቂት ስለቀረው የመቀመጫውን ስፖንጅ ሁለት ጣት ያህል አስቀነስን። ከገዛነው ገንዘብ በተረፈውም አገጭ ድረስ የሚሸፍን ሄልሜት፣ ቁርጭምጭሚት የሚያልፍ ቦት ጫማ፣ ጓንትና የጉልበት መከላከያ ገዛን። እነዚህን ከሞተሩ በፊት ብትገዙ ይመረጣል፤ በኋላ «ሲሞላልን» እየተባለ ይረሳል።

አስተማሪዋም እኔ መሆኔ ቀረ። የትዳር ጓደኛ ሲያስተምር «ፍሬን!» የሚለው ጩኸት ሌላ ትርጉም ይዞ ይሰማል። ባልደረባዋ በየቅዳሜው ጠዋት ኳስ ሜዳ ላይ ትወስዳታለች፤ ከአርባ ደቂቃ አያልፉም። በመጀመሪያው ቀን ነዳጅ ሳትሰጥ ፍሪሲዮንን ቀስ ብሎ መልቀቅ ብቻ ነው የተለማመደችው። ቀጥሎ ልቅ ጠጠር ላይ የፊት ፍሬንን በኃይል አለመጭመቅ፣ ከዚያ እግር ማሳረፊያው ላይ ቆሞ መንዳት መጣ። የእኔ ድርሻ ውኃ መያዝና ልጃችንን ማጫወት ነበር። መንጃ ፈቃዷንም በዚህ መሀል አወጣች። አዲስ አበባ ያላችሁ አንባቢዎች ግን ከመግዛታችሁ በፊት የት እንደምትነዱት አጣሩ፤ በከተማዋ ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ በ2011 ዓ.ም. ገደብ ተጥሏል።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን ብቻዋን ወደ አንድ ሩቅ ቀበሌ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ ስልኳ አይሠራም። አማቴ እኛ ቤት ነበሩ፤ እሳቸው መቁጠሪያቸውን እኔ ሰዓቴን ይዘን በር በሩን እናያለን። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል የኤጂዋ ድምፅ ተሰማ። ከእግር እስከ ራሷ ጭቃ ናት። ሄልሜቷን አውልቃ ለልጃችን ሰጠቻትና፣ እኔ ገና ሳልጠይቃት፣ «ሁለት ጊዜ ወደቅኩ» አለችኝ፤ «ሁለቱንም ጊዜ ራሴ አነሳሁት።»

አማቴ ምንም ሳይናገሩ ተነስተው ውኃ ሊያሞቁላት ገቡ።

ኤክስ ቲ ዜዱ ዛሬም ግቢያችን አለ። እሑድ እሑድ እኔ እነዳዋለሁ።