የመኪናችን ፉጨት

በ2015 ዓ.ም. ሕዝቡን ለኩፍኝ ክትባት ለመጥራት በመሥሪያ ቤታችን መኪና ላይ አምፕሊፋየርና ሁለት የጣራ ድምፅ ማጉያዎች አስገጥመን ነበር። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ግን እናቶች የሰሙት የክትባቱን ቀንና ቦታ ሳይሆን ረጅም ፉጨት ሆነ። መኪናው ነዳጅ ሲሰጠው ፉጨቱ ይቀጥናል፤ ሲለቀቅ ይወፍራል። ያ ገበያ እንዲያው ባከነ።

ጥፋቱን ወዲያው የጣልነው በሾፌራችን ላይ ነው። ቀደም ሲል ሬዲዮኑን ፈትተው ገጥመው ስለ ነበር፣ አምፕሊፋየሩን ያበላሹት እርሳቸው ናቸው ብለን ዋጋው ከደመወዛቸው እንዲቆረጥ ደብዳቤ ጻፍን። እርሳቸውም ተቀብለው ፈረሙ እንጂ አንዳች አልተናገሩም።

ሌላ አምፕሊፋየር ተውሰን ብንገጥም ፉጨቱ እንደ ነበረ ቀጠለ። ይህን ጊዜ ደነገጥን፤ ነገሩንም ከሥሩ መመርመር ጀመርን። ሞተሩ ሲጠፋ ድምፁ ጥርት ይላል፤ ሲነሣ ያፏጫል። እንግዲህ የፉጨቱ ምንጭ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው። ከሬዲዮኑ የሚመጣውን የድምፅ ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ብንነቅለው ጨርሶ ጠፋ። አምፕሊፋየሩም ድምፅ ማጉያዎቹም ንጹሓን ነበሩ ማለት ነው።

የቀረው ማሳው ነበር። ማሳ ሲባል የጤፍ እርሻ ትዝ የሚለው አንባቢ ይታገሠን፤ መካኒኮች እንዲህ የሚሉት ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን የኔጋቲቭ ገመድ ነው። ድምፁ እየጮኸ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በአምፕሊፋየሩ ማሳ ላይ አድርገን ብንለካ፣ ወደ ዜሮ መቅረብ የሚገባው ቁጥር 1 ቮልት ገደማ ሆኖ ተገኘ። ቡሎኑን ብንፈታው ገመዱ የተቀመጠው በብረት ላይ ሳይሆን በቀለም ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ በቀለሙ በኩል እንደ ልቡ መመለስ ስላልቻለ፣ ከፊሉ በድምፅ ገመዱ የውጭ ሽቦ በኩል ወደ ሬዲዮኑ ይዞር ነበር፤ የዲናሞውም ጩኸት አብሮ ይገባል።

ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን ቡሎኑን አጠበቅን፤ አብረው ታስረው የነበሩትን የባትሪውንና የድምፁን ገመዶችም በግራና በቀኝ ለየናቸው። ፉጨቱ ጠፋ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለን። አምፕሊፋየሩ ሲገጠም ሾፌሩ «ቀለሙ ይፋቅ» ብለው ነበር፤ «የመንግሥት ንብረት አይፋቅም» ያልን እኛ ነን።

በማግሥቱ ፊተኛውን የሚሽር ደብዳቤ ጻፍን። እርሳቸውም ተቀብለው ፈረሙና «ዛሬ ወደ የትኛው ገበያ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሁለቱም ደብዳቤዎች ቁጥር ስለ ተሰጣቸው እስከ ዛሬ በፋይላቸው ውስጥ አብረው ይገኛሉ።