የዱቤ ደብተር

ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ከሆነ አንድ ቀን “ለተግባር ልምምድ የት ልመደብ ይሆን?” ማለታችሁ አይቀርም። እኔ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ሳለሁ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ቅርንጫፍ ለሁለት ወር ተመደብኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ጓደኞቼ ትልልቅ ባንኮች ደርሷቸዋላ።

ስለ አነስተኛ ብድር የማውቀው ለፈተና ያጠናሁትን ብቻ ነው። የኢኮኖሚክስ መምህሩ ሙሐመድ ዩኑስ እ.ኤ.አ. በ1976 ጆብራ በምትባል የባንግላዴሽ መንደር ለ42 ሰዎች 27 ዶላር ያህል ከኪሱ ማበደሩን፣ በአገራችንም ተቋማቱ በ1988 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ሕጋዊ መሠረት ማግኘታቸውን አውቃለሁ። የሚያስይዙት ንብረት የሌላቸው ጎረቤቶች ተቧድነው አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል። ይህን “የቡድን ዋስትና” ብዬ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ጤፍ መግዣ 10,000 ብር ለመበደር መጡ። ቅጹን እንድሞላ ተሰጠኝ። በቀን ስንት እንጀራ እንደሚሸጡ፣ ዱቄቱና ማገዶው ስንት እንደሚፈጅ ጠይቄ አሰላሁ። ትርፉ አማረኝ።

“እትዬ፣ 15,000 ቢወስዱም መክፈል ይችላሉ” አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉና “አንቺ ካልሽ እሺ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ” አሉኝ።

ክፍያው በየሁለት ሳምንቱ ነበር። የመጀመሪያውን በቀኑ ከፈሉ። በሁለተኛው ግን ከቡድኑ ስብሰባ ቀሩ። አራቱ ሴቶች ተያዩ፤ ከዚያ አንዷ ከመቀነቷ፣ ሌላዋ ከቦርሳዋ እያወጡ የጎደለውን ሞሉ። ማንም አልተቆጣም። ቲማቲም የምትሸጠው ብቻ ቀስ ብላ “የነገ ዕቃ መግዣዬ ነበር” አለች። ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት የቡድን ዋስትና ይህ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ቤት ሄድኩ። ከምጣዱ አጠገብ በርጩማ ሰጡኝና ልጃቸው የምትጽፍላቸውን የዱቤ ደብተር አሳዩኝ። ከደንበኞቻቸው ግማሽ ያህሉ የሚከፍሉት ደመወዝ ሲወጣ ነው። ትርፉ ትክክል ነበር፤ ገንዘቡ ግን እጃቸው አልገባም። የመጀመሪያውን ክፍያ የከፈሉት እንኳ ከዚያው ከብድሩ ብር ቀንሰው ነው።

“ለምን አልነገሩኝም?” አልኳቸው።

“ልጄ፣ እንጀራውን ቆጠርሽ እንጂ መቼ እንደሚከፈለኝ አልጠየቅሽኝም።”

ትርፍና ጥሬ ገንዘብ እንደሚለያዩ የተማርኩት ገና አንደኛ ዓመት እያለሁ ነው። ሳልጠይቅ የቀረሁት ስለማላውቅ ሳይሆን የማውቅ ስለመሰለኝ ነው።

በማግስቱ ለብድር ባለሙያው “ስህተቱ የእኔ ነው” ለማለት ሦስት ጊዜ ከወንበሬ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። በአራተኛው ነገርኩት። የቡድኑን የመክፈያ ቀን ለአንድ ሰው ብሎ መቀየር አልተቻለም። እትዬ ግን ደንበኞቻቸውን አነጋግረው የተወሰኑት በየሳምንቱ እንዲከፍሏቸው ተስማሙ። ልምምዴ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ደመወዝ ወጣ፤ የአራቱንም ሴቶች ገንዘብ በየእጃቸው መለሱ።

ዘዳግም 24 የሰውን ወፍጮ መያዣ አድርጎ መውሰድን ይከለክላል፤ ሰውየው የሚኖረው በእርሱ ነውና። ድሮ ሳነበው የጥንት ሕግ ነበር። አሁን ሳነበው ያቺ ቲማቲም ሻጭ ከመቀነቷ የፈታችው ብር ይታየኛል። የእርሷ ወፍጮ ያ ነበር፤ ያስወጣኋት ደግሞ እኔ ነኝ።

ወገኖቼ፣ እናንተም ነገ ቅጽ ይዛችሁ ከአንድ ሰው ፊት ትቀመጣላችሁ። ስሌታችሁን አትናቁት፤ ደክማችሁበታል። ግን ከማስላታችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ በቀሩት ቀናት በሞላሁት ቅጽ ሁሉ ግርጌ ላይ አንዲት መስመር በእጄ እጨምር ነበር፦ “ደንበኞቻቸው መቼ ይከፍሏቸዋል?”