ጭፈራን የሚመዝን ዓይን

የጭፈራ ፊልም ሁለተኛ ክፍል በወጣ ቁጥር የሚሰማው ትችት አንድ ነው፦ «ታሪኩ ያው ነው።» እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ስቴፕ አፕ 2» ይህ ተብሎበታል፤ በ2012 የወጣው የእንግሊዞቹ «ስትሪትዳንስ 2»ም አላመለጠም። ተቺዎቹ አልዋሹም። በሁለቱም ፊልሞች አንድ ወጣት ይገፋል፣ እዚህም እዚያም ያሉ ጨፋሪዎችን ያሰባስባል፣ መጨረሻ ላይ ውድድር ይገጥማል። ትችቱ እዚያ ላይ ሲቆም ግን ፊልሙ የተሠራለት ነገር ሳይመዘን ይቀራል ባይ ነኝ። በ«ስቴፕ አፕ 2» መዝጊያ ጨፋሪዎቹ መንገድ ላይ ዝናብ እየወረደባቸው ይጨፍራሉ፤ እግር አስፋልቱን ሲመታ የሚፈናጠረው ውኃ የጭፈራው አካል ይሆናል። «ስትሪትዳንስ 2» ደግሞ በመጀመሪያው ክፍል ከባሌ ጋር የተገናኘውን የመንገድ ጭፈራ ፓሪስ ወስዶ ከላቲን ጭፈራ ጋር ያጋጥመዋል፤ ብቻውን መሬት ላይ መሽከርከር የለመደ ሰው የሴት እጅ ይዞ እርምጃውን ከእርሷ ጋር ማስማማት ይኖርበታል። ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም ለማለት እግርና ትከሻ ማየት ግድ ነው።

የአገራችን የአብነት ትምህርት ቤትም ለዚህ ዓይነቱ ዝርዝር ሚዛን ባዳ አይደለም። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ፣ ማለትም የያሬድ የዜማ መጽሐፍ፣ ምስክር ቤት ናት። ተማሪው ድጓውን ሌላ ቦታ ቢዘልቅም ለምስክር ወደዚያ ይወጣል፤ የሚመሰክርለትም መምህር ይዘቱን፣ ድፋቱን፣ ቅናቱን፣ ርክርኩን የመሳሰሉትን የዜማ ምልክቶች በቃሉ የያዘ ነው። ወደ እንቅስቃሴው ስንመጣ ደግሞ የአለቃ ገብረ ሐና ነገር አለ። የፎገራው ሊቅ ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ለእኔ ትልቁ ሥራቸው ግን ዝማሜያቸው፣ ማለትም በማኅሌት ላይ በመቋሚያ የሚደረገው ውዝዋዜ ነው። በጣና ዳር የማዕበሉንና የደንገሉን መወዛወዝ አይተው አዲስ የመቋሚያ ስልት እንዳወጡ ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት ከቆየው ሥርዓት የወጣ ነው ብለው አልተቀበሉትም። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ በደብረ ታቦር በኩል ተስፋፍቶ በልጁ ስም ተጠራ። ዛሬ «ተክሌ» በአብነት ትምህርት ቤት ራሱን ችሎ የሚጠና አቋቋም ነው።

ፊልሞቹ የተነቀፉት ከቀደመው አልራቁም ተብለው ነው፤ የአለቃ ዝማሜ የተነቀፈው ራቀ ተብሎ። ሁለቱም ነቀፋ የሚለካው ከቀደመው ያለውን ርቀት ብቻ ነው። በተክሌ ግን ቃሉም ዜማውም የያሬድ እንደሆነ ጸንቷል፤ የተለወጠው የመቋሚያው አነሳስና የአካሉ አወዛወዝ ነው። በጭፈራ ፊልምም ታሪኩ ይጸናል፣ እንቅስቃሴው ይለወጣል። መመዘን ያለበት የተለወጠው ነው።

ማኅሌትን ከሲኒማ ጋር ማወዳደር ድፍረት ነው የሚል ይኖራል። ማኅሌት ምስጋና ነው፣ ፊልም ገበያ፤ ይህን አልክድም። የማወዳድረው የዳኝነቱን መንገድ ብቻ ነው። የጎንደር ሊቃውንት እምቢ ሲሉ እንኳ እምቢ ያሉትን ነገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ከአቋቋም ስልቶቹ ቁሙን ከዝማሜው፣ መረግዱን ከጽፋቱ ይለያሉ። ጠባቂነታቸውም ተገቢ ነበር። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ፊልም ፊልም ነውና ታሪክና ትወና ካነሰው ጭፈራው አያድነውም። እውነት አለው። የላላ ታሪክ የላላ ተብሎ ይጻፍ። ብዙ ተቺዎችም ጭፈራውን አመስግነው ታሪኩን ነቅፈዋል። ችግሩ ምስጋናው በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለቁ ነው፤ የትኛው እንቅስቃሴ፣ ከየት የመጣ፣ በካሜራው አቀማመጥ የደመቀ ወይስ በቶሎ ቶሎ ቅንብር የተቆራረጠ፣ አይነገርም። «ስቴፕ አፕ 2» በዓለም ዙሪያ 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል። ገቢ የጥራት ምስክር አይሆንም፤ ነገር ግን ተመልካቹ ትኬት የቆረጠው ታሪኩን ሽቶ እንዳልነበር ግልጽ ነው።

ስለ እስክስታም ሆነ ስለ መንገድ ጭፈራ የተሠራ የአገራችንን ፊልም ወይም ክሊፕ የምትተቹ ወዳጆቼ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ቢያንስ አንዲቷን እንቅስቃሴ በስሟ ጥሩልን፤ ከየት አካባቢ እንደመጣችና ጨፋሪው ምን እንደጨመረባት ጻፉልን።